ዝጋው አልኩት

የእህቴ ልጅ ካኮረፈኝ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ኩርፊያው ድምፅ የለውም። ጠዋት «እንደምን አደሩ ጋሼ» ይላል፤ ቡና ሲፈላ ረከቦቱን ያቀርባል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ቀድሞ የሚያበስረኝ እሱ ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ግን ዝር አይልም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ኮምፒዩተር ያለበትን ክፍል በር እያለፈ ሳሎን ገብቶ ግድግዳ ሲያይ ካያችሁት፣ ነገሩ እንዲያው የልጅ ኩርፊያ ብቻ አለመሆኑ ይገባችኋል።

ምክንያቱን አላጣሁትም። «አንተ ነህ ያበላሸኸው!» ብየዋለሁ። ያውም በእናቱ ፊት፣ ያውም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በተሰበሰበበት።

ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ባሕር ማዶ አገልግሎ የመጣ፣ ለመሐንዲሶች ተብሎ የተሠራ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነው። ዕድሜው ቢገፋም ጉልበቱ አልከዳውም። ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰር አለው፤ ለብቻው የሚሰካ ደህና ግራፊክስ ካርድም አለው። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳልሻገር ደግሞ የኛ ሣጥን ፕሮሰሰር ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። እንግዲህ ምንም ያላጎደለ ማሽን በዕድሜው ብቻ ጡረታ ውጣ ተባለ ማለት ነው። እኔም ወደዚያው እየተጠጋሁ ስለሆነ መሰለኝ ነገሩ አንገበገበኝ። ሊነክስ እጭንበታለሁ አልኩ።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። በሰፈራችን ኮምፒዩተር እንቢ ባለ ቁጥር የሚጠራው እኔ ነኝ። ፕሪንተር አላትምም ሲል፣ ፋይል ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ «እስቲ ጋሼን ጥሩት» ይባላል። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ የጥፋቴ ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ያውቃል» ሲባል የኖረ ሰው ስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ከተወ ቆይቷል።

ሊነክስን ለማያውቁት አንባብያን ባጭሩ ልንገር። እ.አ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ ሊያየው፣ ሊለውጠውና ሊያባዛው የሚችል የኮምፒዩተር አስኳል ነው፤ ባለሙያዎቹ ከርነል ይሉታል። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ አስኳል ዙሪያ የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ልብስ አልብሰውት ያቀርቡታል። እኔ የመረጥኩት ሚንት የሚባለውን ነው፤ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው አይከብድም ይባላል፤ እውነት ነው።

የልጁ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር። አባቱ ከሚሠራበት ዓረብ አገር ለልደቱ ገዝቶ የላከለት ጨዋታ አለ፤ ሲቪላይዜሽን 6 ይባላል። አንድን ሕዝብ ከጥንት ዘመን አንስቶ እስከ ጠፈር ዘመን ድረስ እየመሩ ከሌሎች ጋር የሚፎካከሩበት ነው። በ2020 ኢትዮጵያ ታክላበታለች፤ መሪዋም ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው በአማርኛ ይናገራሉ። ልጁ በጓደኛው ቤት ይህን ካየና ከሰማ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። «ጋሼ፣ ሊነክስ ላይ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «እንዴታ!» አልኩት። ሳላጣራ ነው ያልኩት፤ እንዳጋጣሚ እውነት ሆነ።

ጭነቱን ከራት በኋላ ጀመርነው። ልጁ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን መስመር ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ «እሺ»፣ «ቀጥል»፣ «ቀጥል» እያልኩ አሳልፋለሁ። አንድ ቦታ ላይ የይለፍ ቃል አስገባ ሲለኝ አስገባሁ፤ ለምን እንደጠየቀኝ አላየሁም። ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ስቲም የተባለውን የጨዋታ መደብር ጫንን፤ ጨዋታውን ማውረድ ብቻ ሁለት ሌሊት ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተጫነው። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ቆየት አለና ጨዋታው ራሱን ዘጋ። ደገምነው፤ ደግሞ ዘጋ።

«ቆይ፣ በቀላሉ እንሞክረው» አልኩና ሱፐርታክስካርት የሚባል ነፃ የመኪና እሽቅድምድም አወረድኩ። የሊነክስ ምልክት የሆነው ፔንግዊን መኪና የሚነዳበት የልጆች ጨዋታ ነው። ተከፈተ። መኪናው ግን አይሄድም፤ ይዘላል። አሁን እዚህ ነበር፤ ቀጥሎ እዚያ ነው፤ በመካከሉ ያለው መንገድ የለም። በሰከንድ ስንት ስዕል እየተሳለ እንደሆነ ጥግ ላይ የሚያሳየው ቁጥር አምስት ይላል፤ ስድስት ይላል፤ ተመልሶ አምስት ይላል። ደህና የሚባለው ስድሳ ነው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማው ከዚህ ይጀምራል። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ «ሞቆታል» አልኩ። ሣጥኑን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ፍቄ አዲስ ቀባሁ። አምስት፣ ስድስት። ሜሞሪውን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሽቼ መለስኩት። አምስት፣ ስድስት። የጨዋታውን መስኮት ባሳንሰው ወደ አሥራ ሁለት ከፍ አለ። ይህች መሻሻል ናት ጭራሽ ያሳሳተችኝ። «አያችሁ፣ ካርዱ ደክሟል» አልኩ። ትንሽ ስዕል ለማንም ሠዓሊ ትቀላለች፤ ሠዓሊው ማን እንደሆነ ግን አትናገርም። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ካርዱን የሸጠልኝን ሰው በልቤ እየረገምኩ ነበር።

ለነገሩ እጄ ነግሮኝ ነበር። ሣጥኑ ተከፍቶ መኪናው እየዘለለ ሳለ ካርዱን በመዳፌ ነካ አደረግኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት ጣቶች ራቅ ብሎ ፕሮሰሰሩ ይነድዳል። ሥራ የበዛበት ካርድ ይሞቃል እንጂ እንደ ሌሊት ድንጋይ አይቀዘቅዝም። ነካሁት፣ ቀዝቃዛ መሆኑን አወቅኩ፣ ሣጥኑን ገጥሜ ዘጋሁ። የስክሪኑን ልክ ለመቀየር ስገባም ከአንድ ልክ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ ይህም ምስክር ነበር። አልፌው ሄድኩ።

በስድስተኛው ቀን ልጁ ከጓደኛው በፍላሽ አንድ ነገር አምጥቶ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሙዚቃ ነው ብሎኛል። ሙዚቃ መሆኑን አላየሁም። ሳሎን ስገባ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ። ልጁ አልተከራከረኝም፤ የያዘውን ስኒ አስቀምጦ ወጣ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ መብራት ሄዶ ብዙ ቆይቶ መጣ። ኮምፒዩተሩን አበራሁና ምንም ልሠራ ሳላስብ እንዲሁ ቁጭ አልኩ። በየቀኑ እንደምታደርገው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ብቅ አለች። እጄ እንደ ልማዱ ሊዘጋት ሄደና መሃል ላይ ቆመ። አነበብኳት። ሲናሞን፣ ማለትም የሚንትን ገጽታ የሚሠራው ፕሮግራም፣ አሁን ያለ ግራፊክስ ካርድ እገዛ እየሠራ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከወትሮው እጅግ ሊጨናነቅ እንደሚችል ይገልጻል። ምስጢር የለው፣ ቅኔ የለው።

ያኔ አንድ ድምፅ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ልጁ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጥግ ላይ አንድ ነገር ይላል። ሶፍትዌር ሬንደሪንግ ምንድን ነው?» ብሎኝ ነበር።

«ዝጋው» አልኩት። ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመጠየቅ ሥራ ነው። ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር ሰሌዳ ከፍቼ ማሽኑን ሦስት ነገር ጠየቅኩት። መጀመሪያ፣ ስዕሉን የሚስለው ማነው? ኤልኤልቪኤምፓይፕ ነው አለኝ። ይህ የካርድ ስም አይደለም። ሜሳ በሚባለው የሊነክስ ግራፊክስ ስብስብ ውስጥ ያለ፣ ካርድ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩን ሠዓሊ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ሜሳ ራሱ ብራያን ፖል የተባለ ሰው በ1993 ሲጀምረው ሥራው ይኸው ነበር፤ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር በፕሮሰሰሩ ብቻ እንዲስል ማድረግ። ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ይበቃል። ለጨዋታ ግን ሒሳቡን ተመልከቱ፤ የተለመደው ስክሪን በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥብ አለው፤ በጠቅላላው 2,073,600 ነጥብ ነው። በሰከንድ ስድሳ ስዕል ሲባል ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥብ በየሰከንዱ መቅባት ነው። የእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ነገር የትኛውን እንደሚጋርድ ታስቦ ነው የሚወጣው። ግራፊክስ ካርድ ይህን የሚሠሩ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ እጆች አሉት። የኛ ፕሮሰሰር ስድስት አለው። በስድስት እጅ ነበር እንደ ወፍጮ ሲጮኽ የከረመው። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ቅባት እቀባለሁ!

ሁለተኛ፣ ካርዱን ታየዋለህ? ብዬ ጠየቅኩት። ያየዋል፤ ስሙን ከነቁጥሩ ጠራልኝ። ከስሩም ሊነዱት የሚችሉትን ፕሮግራሞች ስም ዘረዘረ። ድራይቨር የሚሏቸው እነሱ ናቸው፤ ሹፌር ብንላቸውም ያስኬዳል። ከዝርዝሩ በላይ ግን አንድ መስመር ይጎድላል፤ በሥራ ላይ ያለው ሹፌር እገሌ ነው የሚለው መስመር። መኪናው ቆሟል፤ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ተለጥፏል፤ መሪ የጨበጠ የለም።

ሦስተኛ፣ ሹፌሩን በእጄ ላስገባው ሞከርኩ። መልሱ አጭር ነበር። ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም።

ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ ግድ ነው። የዘመኑ ኮምፒዩተሮች ሲነሱ ገና ከበሩ ላይ ፊርማ ይጠይቃሉ። ሴኪዩር ቡት ይባላል፤ የታመነ ፊርማ የሌለው ፕሮግራም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቀድሞ ሾልኮ እንዳይገባ የቆመ ዘበኛ ነው። ሊነክስ በዚህ በር የሚያልፈው ማይክሮሶፍት የፈረመላትን ሺም የምትባል አነስተኛ ፕሮግራም ይዞ ነው። (ከማይክሮሶፍት ሸሽቼ በማይክሮሶፍት ፊርማ መግባቴን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅኩ።) ከዚያ ወዲያ ከርነሉ ራሱ ዘበኛ ይሆናል፤ በማያውቀው ቁልፍ የተፈረመ ሹፌር አያስገባም። የኔ ካርድ ሁለት እጩ ሹፌሮች ነበሩት። አንደኛው ፈቃደኞች የጻፉት ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ሁለተኛው የካርዱ ሠሪ የሚያወጣው። ሁለተኛው ሲጫን ሁለቱ እንዳይጋጩ የመጀመሪያውን ከሥራ ያግደዋል። እሱ ራሱ ደግሞ በር ላይ ተመለሰ። አንዱ ታግዶ፣ አንዱ ተመልሶ፣ ሥራው ፕሮሰሰሩ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሠሪውን ስም የማልጠራው ጥፋቱ የሱ ስላልሆነ ነው።

ይህ ሁለት ሹፌር የሚባል ነገር ለምን መጣ ያለ ሰው ረጅም ጠብ ያገኛል። የሊነክስ ሰዎች ሹፌሩ ሁሉ ከከርነሉ ጋር፣ ውስጡ እየታየ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ካርድ ሠሪዎች ደግሞ ውስጣቸውን ማሳየት አይወዱም ነበር። ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 ኤ.ቲ.አይ.ን ከገዛ በኋላ በ2007 የካርዶቹን አሠራር የሚገልጹ ሰነዶች ማውጣት ጀመረ፤ አሁን የሚያገለግለው ክፍት ሹፌሩ በ2015 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ኢንቴልም ሹፌሮቹን እዚያው ከርነሉ ውስጥ ነው የሚያኖረው። እነዚህ ከአስኳሉ ጋር አብረው ስለሚፈረሙ በር ላይ የሚጠይቃቸው የለም። ኢንቪዲያ በሌላ መንገድ ሄደ። የራሱን ዝግ ሹፌር ለብቻው አወጣ፤ ፈቃደኞች ኑቮ የሚባለውን ክፍት ሹፌር ካርዱን ከውጭ እያጠኑ ጻፉ። ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቆ፣ ኢንቪዲያን ከገጠሟቸው ኩባንያዎች ሁሉ የከፋ ብሎ ለካሜራው ጨዋ ሰው የማያሳየውን ጣት አሳየ። እኔ እንኳ ቁጣውን እንጂ ጣቱን አልወደድኩለትም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022 ግንቦት ወር አካባቢ፣ ኢንቪዲያ ለአዳዲሶቹ ካርዶች ሹፌሩ ከከርነሉ ጋር የሚገናኝበትን ክፍል ክፍት አድርጎ አወጣ።

ታሪኩ ይኸው ነው፤ የኔን ጥፋት ግን አያነሳልኝም። ሚንት መፍትሔውን አዘጋጅቶ ነበርና። ሲጫን እዚያው ማሽን ላይ አዲስ ቁልፍ ይሠራል፤ ሹፌሩን በዚያ ቁልፍ ይፈርማል፤ ከዚያ ባለቤቱ ቁልፉን እንዲያጸድቅ ይጠይቃል። የማሽኑ ባለቤት ቁልፍ ነው ስሙ። ታዲያ ለምን አልጸደቀም? ማሽኑ ይህን አልነገረኝም። የነበረውን የሚያውቅ ምስክር ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል።

ሄድኩ። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ታናሽን ይቅርታ መጠየቅ ባደግንበት ቤት አልለመድነውም።

«የመጀመሪያው ማታ» አልኩት፣ «ጭነቱ አልቆ ሲነሳ ምን አየን?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሰማያዊ ገጽ።»

«ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ቁጥር ይቆጥር ነበር፣ ከአሥር ወደታች። ማንኛውንም ቁልፍ ንኩ ይላል። እርስዎ ነኩ። ከዚያ አራት መስመር መጣ። አንደኛው መነሳቱን ቀጥል ይላል። ሁለተኛውን ምንድን ነው ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ምን አልኩህ?»

ዝም አለ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የመጀመሪያውን ተጭኜ ቀጥያለሁ፤ ያን ጊዜ የማጽደቂያው ጥያቄ ተሰረዘ፤ ዳግመኛም አልተጠየቅኩም። ገጹ የሚመጣው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት የሚገባ ሌባ እንዳያጸድቀው፣ ኪቦርዱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብቻ እንዲመልስ ተብሎ። አጠገቡ ሁለት ሰው ተቀምጦ ነበር። አንደኛው ያነብ ነበር።

«ና፣ አንተ ጻፈው» አልኩት።

በርጩማውን ትቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በርጩማው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ሴኪዩር ቡትን ጨርሶ መዝጋት ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚመክረውም እሱን ነው። እኔ ግን ቁልፍ ጠፋ ተብሎ በር ገንጥሎ ማደር መሰለኝ። ቁልፉ ዳግመኛ ለማጽደቅ እንዲቀርብ አዘዝን፤ የይለፍ ቃሉን ልጁ መረጠ፤ ማሽኑን አጥፍተን አበራን። ሰማያዊው ገጽ መጣ። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ልጁ ነካው። አራቱ መስመሮች ወጡ። ሁለተኛውን መረጠ፤ ቁልፍ አስመዝግብ ይላል። የይለፍ ቃሉን ጻፈ፤ እሺ አለ፤ ተነሳ።

ጥግ ላይ ማስታወቂያ አልወጣም። ማነው የሚስለው ብለን ጠየቅን፤ የካርዱን ስም ጠራ። የስክሪኑ ልክ ዝርዝር ረዝሟል። ፔንግዊኑን ከፈትነው። መኪናው ሄደ! ስድሳ፣ ስድሳ፣ አንዳንዴ ሃምሳ ዘጠኝ። ወፍጮው ጸጥ አለ። ልጁ እጁን ከሣጥኑ ኋላ አድርጎ «ይሞቃል» አለኝ።

በማግሥቱ ቡና ላይ፣ ያው ጎረቤት ባለበት፣ «ኮምፒዩተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እህቴ ስኒውን ለጎረቤቷ እያቀበለች፣ «ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሱ ንገረው እንጂ» አለችኝ። ነገርኩት። «ምንም አይደለም ጋሼ» አለና ከሰሉን ማራገብ ቀጠለ። ኩርፊያው በዚያ ቀን አልቆመም፤ እየሳሳ ሄዶ ነው የጠፋው።

የአባቱ ስጦታ ቀረ። የዚህ ጨዋታ የዊንዶውስ ዝርያ ስዕሉን የሚያዘው ዳይሬክትስሪዲ በሚባለው የማይክሮሶፍት ቋንቋ ነው፤ ሊነክስ ያን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊነክስ ላይ የሚያሠራው ዋይን በ1993 ነው የተጀመረው፤ ለጨዋታ ግን ለብዙ ዘመን አንካሳ ነበር። ለውጡን ያመጣው ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ሰው ነው። ኒር አውቶማታ የሚባል አንድ ጨዋታ ሊነክስ ላይ መጫወት አማረውና፣ የማይክሮሶፍትን ቋንቋ ቩልካን ወደሚባለው በ2016 ወደወጣው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ፤ ዲ.ኤክስ.ቪ.ኬ. ይባላል። የስቲም ባለቤት ቫልቭ አይቶ ደገፈው፤ ከዋይን ጋር አጣምሮም በነሐሴ 2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣው። በ2022 ቫልቭ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያቀርብ በዚሁ ላይ ነው የቆመው። አንድ ሰው አንድ ጨዋታ ስላማረው የመጣ ነገር ነው እንግዲህ፤ ልጁ ይህን ስነግረው «እኔስ?» አለኝ።

ጨዋታው የመጀመሪያ ቀን ተከፈተ፤ ቩልካን የሚናገር ካርድ አገኘና አልጠቆረም። ግን ካርታውን ባንቀሳቀስን ቁጥር ንቅንቅ፣ ቆም፣ ንቅንቅ ይላል። ማንጎሃድ የሚባል መለኪያ ጥግ ላይ አደረግን፤ ካርዱ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደሚሠራ ለየብቻ ያሳያል። ቆም በሚልበት ቅጽበት ካርዱ ሥራ ፈት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ይባዝናል። ሼደር የሚባሉ ቀለምና ብርሃን የሚያሰሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ አስተርጓሚው አዲስ ሲገጥመው ለዚህ ካርድ እንዲስማማ አድርጎ እስኪያዘጋጀው ጨዋታው ይጠብቃል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ያውቀዋል፤ አይቆምም። አዳዲሶቹ የዲ.ኤክስ.ቪ.ኬ. ዝርያዎች ይህን በጣም ቀንሰውታል፤ ስቲምም ጨዋታው ከመከፈቱ አስቀድሞ በገፍ የሚያዘጋጅበት መንገድ አለው። የተቃዋሚዎቹ ተራ ሲደርስ የሚዘገየው ደግሞ ሌላ ነው፤ ያኔ ማሽኑ የነሱን ዘዴ እያሰበላቸው ነው፤ ካርድ ቢለወጥ አይፈጥንም። ይህን ሁለተኛውን ከቁጥሩ ላይ አይቶ የነገረኝ ልጁ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ጨዋታውን ሲጫነው አንዲት ትንሽ መስኮት ወጣች። እኔ መነጽሬን እየፈለግኩ ነበር።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«የቩልካን ሼደሮችን እያዘጋጀሁ ነው ይላል። ከስሩ ዝለል የሚል አለ።» እጁን ማውዙ ላይ እንዳደረገ ዞሮ አየኝ። «ልዝለለው ጋሼ?»

«ተወው፣ ይጨርስ።»

አሥራ ሰባት በመቶ ይል ነበር። ከወጥ ቤት የተቆላ ገብስ አመጣ፤ በመሃላችን አስቀመጠውና ቁጥሩን እያየን ቆረጠምን። ሠላሳ አንድ። ሃምሳ። መብራት እንዳይሄድ አንዳችንም ጮክ ብለን አልተናገርንም። መቶ ሲሞላ መስኮቷ ራሷ ጠፋች፤ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ሙዚቃው ተሰማ፤ ጥቂት ቆይተው ዳግማዊ ምኒልክ ብቅ አሉ። መናገር ሲጀምሩ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሳሎን ጮኸ።

«እማዬ፣ ነይ! በአማርኛ ነው የሚናገሩት!»